ቀድማን ለመጣችው አክስታችን ድንጋይ ልናቆም ነው፤ ምን ብለን እንጻፍበት?

የወረኢሉ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

እናቴ ታላቅ እህት ነበረቻት። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት። ከቤተሰባችን አሜሪካን መጀመሪያ የረገጠችው እሷ ናት። በ1975 ዓ.ም. በሱዳን በኩል አድርጋ ቦስተን ገባች። ከዚያ መጀመሪያ ልጇን፣ ቀጥሎ እናቴን፣ ቀጥሎ አጎቶቼን አንድ በአንድ ሳበችን። ዛሬ እዚህ የተወለዱት ሕፃናት ሲቆጠሩ 41 ሆነናል። የቤተሰብ ማህበር አለን። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ እንሰበሰባለን። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ።

እትዬ ካረፈች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። መቃብሯ ላይ ያለው ቀብሩ ዕለት የተተከለው ትንሽ ምልክት ብቻ ነው። ዘንድሮ ድንጋይ እናቁምላት ብለን መዋጮ ጀመርን። ገንዘቡ ሞላ። ጽሑፉ ላይ ግን ተጣላን።

ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ደክስቤሪ ወደምትባል ከተማ ሄድኩ። ከቦስተን ወደ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ የጆን ኦልደን ቤተሰብ ቤት አለ። ጆን እ.ኤ.አ. በ1620 በሜይፍላወር መርከብ ከእንግሊዝ ከመጡት 102 መንገደኞች አንዱ ነው። ዘሮቹ በ1901 ማህበር መሠረቱ፤ በ1907 ቤቱን ገዙት። እስከ ዛሬ የያዙት እነሱ ናቸው። የእኛ ማህበር ገና 9 ዓመቱ ነው፤ ቀናሁባቸው።

የገረመኝ ሰውየው ማን እንደነበር ነው። መኳንንት አይደለም። በርሜል ሠሪ ነው። ወደብ ላይ ለሥራው ተቀጥሮ ነው መርከቡ ላይ የወጣው። የሰፈራው አስተዳዳሪ የነበረው ዊልያም ብራድፎርድ ስለሱ ጽፏል። ከደረሰ በኋላ መመለስም መቅረትም በፈቃዱ ነበር፤ እሱ ግን ቀረ፤ እዚሁም አገባ ይላል። ሚስቱ ፕሪሲላ በመጀመሪያው ክረምት አባቷን፣ እናቷንና ወንድሟን አጥታለች። ከመጡት ግማሽ ያህሉ ያን ክረምት አልወጡትም። ሁለቱ 10 ልጆች ወለዱ። ሁለተኛውና ስድስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች፣ አባትና ልጅ አዳምስ፣ ከዚሁ ዘር ናቸው።

ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ጣሪያው በተፈጨ ዛጎል የተለሰነ ነው። ትንሿ ልጄ አንገቷን አቅንታ ብዙ አየችው። «እማዬ፣ የእትዬ ቤት የታለ?» አለችኝ። የምላት አጣሁ።

ከዚያ መቃብራቸው ጋ ሄድን። ጆን በ1687 ነው የሞተው። በዘመኑ የተተከለ ድንጋይ የለውም። የተረፈው የልጁ የጆናታን ነው፤ እሱ በ1697 ሞተ። ለጆንና ለፕሪሲላ ድንጋይ ያቆሙላቸው ዘሮቻቸው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ከ200 ዓመት በላይ አልፎ ማለት ነው።

አሁን ወደኛ ጉዳይ ልምጣ። ትልቁ አጎቴ «በትምህርት ዕድል መጣች» ተብሎ ይጻፍ ይላል። እውነቱ እንደዛ አይደለም። እትዬ ካርቱም ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። እንጀራ ጋግራለች፣ ልብስ አጥባለች፣ ልጅ አሳድጋለች። ቦስተን ደግሞ 22 ዓመት የሆቴል ክፍል አጽድታለች። ይኼ ለኔ ክብር ነው። ለሱ ግን የሚደበቅ ነገር ነው። ሁለተኛው ጣጣ የተወለደችበት ቀን ነው። ወረቀቷ ላይ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1945 ይላል። በዚህ ቀን እንዳልተወለደች ሁላችንም እናውቃለን። ድንጋይ ላይ ምን ይጻፍ?

የደረሰባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ኪዳነ ሂውስተን

ነፍስ ይማር እህቴ። የጃንዋሪ 1ዱ ነገር የሁላችንም ነው። በስደተኛ ካምፕ በኩል ለመጣ፣ የልደት ወረቀት ለሌለው ብዙ ሰው ያች ቀን ተሰጥታዋለች። የኔ እናትም፣ አባቴም፣ ጎረቤታችንም ጃንዋሪ 1 ናቸው። አንድ ቀን ሆስፒታል እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ «መላ ቤተሰቡ በአንድ ቀን ነው የተወለደው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ግን በቅንነት አንድ ነገር ልበል። ድንጋዩ ግድ ነው? በዚያ ገንዘብ ወረኢሉ ላይ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር ወይም ለአንድ ትምህርት ቤት ወንበር መግዛት አይሻልም? ስሟ እዚያ ይጻፍ። ለሕያዋን ይጠቅማል።

የወረኢሉ ልጅ

ኪዳነ፣ አመሰግናለሁ። ያልከውን ማህበሩ ውስጥም ያነሡ አሉ፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። የኔ ችግር ልጆቹ ናቸው። ወረኢሉን አያውቋትም። እሷ ያለችበት ቦታ ደግሞ ከቤታችን 15 ደቂቃ ነው። አበባ ይዘው ሄደው፣ የት ጋ እንደሚያስቀምጡ ሲጠፋቸው አይቻለሁ። ጉድጓዱ ይቀጥላል። ድንጋዩ ግን መጀመሪያ ይቁም።

ሰባት ቤት

ልጄ፣ እኔ ሰባ ያለፈኝ ሰው ነኝ፤ ያደግሁት ጎጃም ነው። የጻፍሽው ነገር የአባቴን ድምፅ አስታወሰኝ።

በኛ ዘመን ርስት የሚገኘው በቆጠራ ነበር። መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ሰው ዋና አባት ይባላል። መሬቱ ለልጆቹ ይካፈላል፤ እነሱ ምንዝር አባቶች ናቸው። ርስት ፈላጊ ከራሱ ተነሥቶ ስም በስም እየጠራ እስከ ዋናው አባት መድረስ አለበት። በአባት ብቻ እንዳይመስልሽ። በእናትም፣ በአያትም፣ በቅድመ አያትም ይቆጠራል። ሴቷ መሐል ላይ ካለች ሴቷ ትጠራለች። አባቴ ማታ ማታ እሳት ዳር ያስቆጥረኝ ነበር። ሦስተኛው ላይ ስደናቀፍ እንደገና ከራሴ ያስጀምረኛል። እንቅልፍ እየጣለኝ እቆጥራለሁ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ስሙ የሴት ነበር።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ያ ሥርዓት አበቃ። የጭሰኛው ሸክም ቀለለ፣ እሰየው። ግን የሚያስቆጥር ጉዳይ ሲጠፋ ቆጠራውም ከልጆቻችን አፍ ጠፋ።

የኔ ፍርሃት እዚህ ላይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። አሜሪካ ስንገባ አንዳችን የአባታችንን ስም፣ ሌላችን የአያታችንን ስም መጨረሻ ላይ አስጻፍን። የአንቺ ልጅ በአባቷ ወገን ስም ትጠራለች። የአጎትሽ ልጅ በሌላ ስም። የአክስትሽ የልጅ ልጆች ደግሞ በሦስተኛ ስም። ከሁለት ትውልድ በኋላ እነዚህ ሰዎች በአንዲት ሴት እጅ የመጡ መሆናቸውን በምን ያውቃሉ? ስለዚህ ድንጋዩን ከማቆምሽ በፊት ቆጠራውን ጻፊ። እትዬሽ ለእናንተ ዋና እናት ናት።

ሐውልት ሠሪ

ሰላም። በሙያው 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ለሐበሻ ብዙ ድንጋይ አቁሜያለሁ፤ ስሕተትም ብዙ አይቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ከድንጋዩ በፊት መካነ መቃብሩን ጠይቂ። አንዳንዱ ቦታ ቆሞ የሚታይ ድንጋይ አይፈቅድም፤ ከሣሩ እኩል የሚተኛ ብቻ ነው። ሌላው ቁመቱንና ወርዱን በኢንች ይወስናል። ሰዎች ድንጋዩን አሠርተው ይጨርሱና በር ላይ ይመለስባቸዋል። መሠረቱንም እነሱ ራሳቸው ካልሠሩት ብለው የሚያስከፍሉ አሉ። እናንተ ጋ ቅዝቃዜው ከባድ ነው፤ መሬቱ በረዶ ሲሠራና ሲቀልጥ ይገፋል። መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ ድንጋዩ በጥቂት ዓመት ያጋድላል።

ዓይነቱን ካልሽኝ ግራናይት። እብነ በረድ መልኩ ያምራል፤ ዝናብ ግን ይበላዋል። ከ60 ወይም ከ70 ዓመት በኋላ ፊደሉ እየደበዘዘ ይሄዳል። ያየሽው የጆናታን ድንጋይ ስሌት (slate) የሚባለው፣ በስስ በስሱ የሚሰነጠቅ ድንጋይ ነው። ጥሩ ስሌት ሦስት መቶ ዓመት ፊደል ይይዛል፤ ግን ውኃ ከገባበት ይላጣል።

ዋናው ነገር ፊደላችን ነው። እባክሽ ጽሑፉን በስልክ መልእክት አትላኪላቸው። የኔ አለቃ በሥራ መጀመሪያዬ ዓመት የአንድ እናት ስም ተልኮለት ኮምፒውተሩ ላይ ፊደሉ ስላልነበረ በተርታ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። እሱ የኛ ጽሕፈት እንደዛ መስሎት ሳጥኖቹን አስቀረጻቸው። ሰባት ሳጥን፤ ጥርት ብሎ የተቀረጸ። ልጆቹ ሊረከቡ መጥተው አዩት። ታላቅየው ልጅ ጣቱን አንዱ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ዝም ብሎ ቆመ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ የሐበሻ ሥራ ሲመጣ ያለኔ እይታ አይውጣ ብዬ ቃል አስገብቻቸዋለሁ።

ስለዚህ ጽሑፉ ወደ ሥዕል ተቀይሮ ይላክ። የሙከራ ወረቀቱን ሦስት ሰው ያንብበው፤ አንዱ ከቤተሰቡ ውጭ ይሁን። ዓመተ ምሕረቱንም ለይታችሁ ጻፉ። ለምሳሌ 1937 ብቻ ከጻፋችሁ የልጅ ልጆቿ በፈረንጅ ያነቡትና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምሩባታል።

ቃል አታብዙ። ከብዙ ሥራዬ ያየሁት፣ ሰው ቆሞ የሚያነበው እስከ ስድስት መስመር ነው።

ማስተርስ ላይ ነኝ

የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ ኒው ኢንግላንድ ነው የምማረው። ስለ ኦልደኖች ትንሽ ልጨምር። ለጥያቄሽ በቀጥታ ይጠቅማል ብዬ ነው።

የሄድሽበት ቤት ለብዙ ዘመን በ1653 የተሠራ ነው ይባል ነበር። በኋላ ባለሙያዎች የምሰሶዎቹን እንጨት ቀለበት ቆጠሩ። ወደ 1700 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ጆን ከሞተ በኋላ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቤታቸው ሌላ ነው። በ1960 ሮላንድ ሮቢንስ የሚባል ሰው እዚያው አቅራቢያ ቆፍሮ መሠረቱን አገኘው። ወርዱ ሦስት ሜትር ያህል፣ ርዝመቱ አሥራ አንድ ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ጠባብ ቤት ነው። አሥር ልጅ ያለበት ቤት!

የጆንና የፕሪሲላን ስም አገር ያወቀው ደግሞ በግጥም ነው። ከዘራቸው የሆነው ገጣሚ ሎንግፌሎው በ1858 ስለ ፍቅራቸው ረጅም ግጥም አሳተመ። በዘመኑ ብዙ ሰው አነበበው። ነገር ግን ታሪኩ በቤተሰብ ውስጥ ሲወርድ የመጣ ነው፤ በዘመናቸው የተጻፈ ማስረጃ የለውም። ስለ ፕሪሲላ እርግጠኛ ሆነን የምናውቀው በጣም ትንሽ ነው። የሞተችበት ቀን እንኳ አልተመዘገበም። ግጥሙ ባይኖር ስሟ ይረሳ ነበር ትይ ይሆናል። እኔ ግን ሦስት የቤተሰቧን ሰው በአንድ ክረምት አጥታ የቆመችው ልጅ በግጥሙ ካለችው ልጅ ትበልጥብኛለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። እኛ «አቅኚ» ስንል ባዶ መሬት ያቀና ሰው ይመስላል። የሜይፍላወር ሰዎች የሰፈሩበት ፕሊመዝ ባዶ አልነበረም። ፓተክሴት የሚባል የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ነበረ። ከ1616 እስከ 1619 በመርከበኞች በኩል የገባ ወረርሽኝ ሕዝቡን ፈጀው። ሜይፍላወር የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። የታረሰው ማሳ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቃቸው። ከ1970 ጀምሮ የአገሩ ተወላጆች በየዓመቱ በምስጋና ቀን ፕሊመዝ ላይ ተሰብስበው የሐዘን ቀን ያከብራሉ። ልጆችሽን ይዘሽ ስትሄጂ ይህንንም ንገሪያቸው።

የአክስትሽ ነገር ከዚህ ይለያል። ማንንም አላፈናቀለችም። ግን ድንጋይ ላይ «አቅኚ» የሚለውን ቃል ባትጽፉ ደስ ይለኛል። «ቀድማ የመጣች» ይበቃታል።

ሰባት ቤት

ማስተርስ ላይ ነኝ፣ ጥሩ ብለሻል። እኛም አገር «አቀና» የተባለው መሬት ላይ ቀድሞ የነበረ ሰው ስንት ጊዜ አልተጠራም። እቀበልሻለሁ።

የአራት ኪሎ

በተቃራኒው ወደኛ የመጡትንም አስታውሱ። እኔ ሰፈሬ የአርመኖች ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ወላጆቻቸው ያለቁባቸውን 40 የአርመን ልጆች አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። አርባ ልጆች ይባሉ ነበር። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ያቀናበረው ዜማ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። አያቴ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ በየጠዋቱ ይዘምረው ነበር፤ ማን እንደሠራው ግን ሳያውቅ ነው የሞተው። ጻፉ፤ ሳይጻፍ የቀረ እንዲህ ነው የሚሆነው።

ዲያቆን ነኝ ከዴንቨር

እኅቴ፣ የልደቷን ቀን በተመለከተ ቤተሰቡ የሚያስታውሰው ነገር የለም? ቀኑ ባይታወቅ እንኳ ክርስትና የተነሣችበትን የሚያስታውስ አይጠፋም።

የወረኢሉ ልጅ

አለ! እናቴ ሁልጊዜ የምትለው ነገር አለ። አያቴ «ጃንሆይ ከስደት በገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ የካቲት በባተ በማግስቱ ነው ክርስትና ያነሣኋት» ትል ነበር። ይጠቅማል?

ዲያቆን ነኝ ከዴንቨር

በጣም እንጂ። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው የምትጠመቀው። የካቲት 2 ከሆነ ወደ ኋላ 80 ቀን ቁጠሪ። የተወለደችበትን ዕለት ጨምሮ ኅዳር 13 ላይ ያርፋል። የኅዳር ሚካኤል ማግስት ማለት ነው። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ዓመት ያሉት የ1935ቱን የካቲት ከሆነ የተወለደችው ኅዳር 13 ቀን 1935 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ ኖቬምበር 22 ቀን 1942። በኅዳር ሚካኤል የሚያውቃት ሰው ካለ ደግሞ አረጋግጡ።

የወረኢሉ ልጅ

ዲያቆን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናቴን አሁን ደውዬ ጠየቅኳት። «ኧረ የሚካኤል ጠላ ሳያልቅ ነው ምጥ የመጣው ትል ነበር እማዬ» አለችኝ። ይህን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ስላልጠየቅኳት ነው። ስልኩ ላይ ሁለታችንም አለቀስን።

ከአሽዶድ

እኔ ከእስራኤል ነኝ፤ ቤተ እስራኤል ነኝ። ጽሑፉን ያነበብኩት ሌሊት ነው፤ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እኛም በሱዳን በኩል ነው የመጣነው። እኔ የ6 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በእግር፣ ሌሊት ሌሊት እየሄድን። ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ ካምፕ ወራት ተቀመጥን። ቤተ እስራኤልን ከሱዳን በአውሮፕላን ባወጣው በሙሴ ዘመቻ ነው እስራኤል የገባነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1984 ላይ ተጀምሮ ጃንዋሪ 1985 ላይ ወሬው ወጥቶ ተቋረጠ፤ ወደ 8 ሺህ ሰው ነው ያን ጊዜ የመጣው። በመንገድና በካምፕ የቀሩት ግን 4 ሺህ ገደማ ይሆናሉ። ከነሱ አንዷ ታናሽ እህቴ ናት።

ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ ላልደረሱት መታሰቢያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተመረቀው። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን እንሄዳለን። ጎጆ ቤቶች ተሠርተዋል። እናቴ ሁልጊዜ የጎጆዋን ግድግዳ በእጇ ትዳስሳለች። የእህቴ መቃብር የት እንደሆነ አናውቅም። ስለዚህ ያ ግድግዳ ነው መቃብሯ።

ልነግርሽ የፈለግኩት ይኼን ነው። እኛ ዘንድ መታሰቢያው ለደረሰው ሰው አይደለም። ላልደረሰው ነው። አክስትሽ ብቻዋን ነው የተነሣችው? ከሷ ጋር የነበረ ሰው የለም? በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ብቻዋን መተማን አትሻገርም ነበር። ጠይቂ እስቲ።

የወረኢሉ ልጅ

ይኼን ጥያቄ ካነበብኩ ሦስት ቀን ሆነኝ። መልስ ይዤ ልምጣ ብዬ ነው የዘገየሁት።

የእትዬ ልጅ፣ ማለት የአክስቴ ልጅ፣ ቤቷ ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። እናቷ ካረፈች ጀምሮ አልከፈተችውም ነበር። ትናንት ሁለታችን ሆነን ከፈትነው። ውስጡ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር አለ። ልባሱ አረንጓዴ ነው፤ ጥጉ በላብ ጠቁሯል። የካርቱም ሒሳቧ ነው። በየገጹ የወር ስም፣ ከሥሩ የተከፈላት፣ የበላችበት፣ የላከችው። ጽሕፈቷ ትልልቅ ነው፤ የአራተኛ ክፍል ትምህርት ነው የነበራት። በየወሩ አንድ መስመር አይጎድልም። «ለወንድሜ ለትምህርቱ» ይላል። አንዳንዱ ወር 15 ፓውንድ፣ አንዳንዱ 10። አንድ ወር 4 ብቻ አለ። በዚያ ወር «ታምሜ ነበር» የሚል ተጽፏል።

መጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ የአንዲት ሴት ስም አለ። ከስሟ አጠገብ መስቀል ተሥሎ «ገላባት ሳንደርስ» ተብሏል፤ ገላባት ከመተማ ማዶ ያለችው የሱዳን ከተማ ናት። እናቴን ጠየቅኳት። የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ አብረው ነው የተነሡት። በወባ ሞተች። እትዬ እስከ ዕለተ ሞቷ ስሟን አንሥታ አታውቅም። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ድንጋዩ ላይ ግን ይጻፋል።

ከአሽዶድ፣ እህቴ፣ አንቺ ባትጠይቂ ቆርቆሮው አይከፈትም ነበር።

እንግዳ 7

ጤና ይስጥልኝ። እኔ አጎትየው ነኝ። የእህቴ ልጅ ይህን ገጽ ላከችልኝ። ሁሉንም አነበብኩ። የደብተሩንም ፎቶ አየሁ።

«ለወንድሜ ለትምህርቱ» የተባልኩት እኔ ነኝ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ገንዘቡ በነጋዴ እጅ ይመጣልኝ ነበር። ካርቱም ቢሮ ነው የምሠራው ብላ ነበር የጻፈችልኝ። አምኜ ነበር ለማለት እፈልጋለሁ። ግን ጠርጥሬ ነበር። አልጠየቅኳትም፤ ብጠይቃት መቀበል አልችልምና። በኋላ እዚህ መጥቼ እውነቱን ስሰማ ያፈርኩት በሷ አይደለም። በራሴ ነው። የሰው ልብስ አጥባ ስታስተምረኝ እኔ በዚያ ወር 4 ፓውንድ ብቻ መጣ ብዬ ቅሬታ ጽፌላት ነበር። ታምማ እንደነበር ትናንት ነው ያወቅኩት።

«በትምህርት ዕድል መጣች» እንዲባል የፈለግኩት ለዚህ ነው። የትምህርት ዕድሉ የኔ ነበር። እሷ ነች የሰጠችኝ።

ጋሼ ሰባት ቤት፣ ቆጠራው ይጻፍ ያሉትን እኔ እጽፋለሁ። ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጊዜ አለኝ። ከእናታችን ወገን እስከ ስድስተኛው አውቃለሁ። ሰባተኛውን ወረኢሉ ያለች አንዲት አሮጊት አክስት ታውቃለች፤ በፋሲካ ሄጄ ድምፅዋን እቀርጻለሁ።

ድንጋዩ ላይ የሠራችው ሥራ ይጻፍ።

ሰባት ቤት

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ። ሌላ ቃል የለኝም። እሳት ዳር ሆነህ ለልጆቹ አስቆጥራቸው።

ማስተርስ ላይ ነኝ

ጋሼ፣ ድምፅ ሲቀርጹ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የሚናገሩትን ሰው ስም ይበሉ። ፋይሉን ሦስት ቦታ ያስቀምጡት። የሜይፍላወር ዘሮች ማህበር በ1897 ተቋቁሞ ልጅ የተኩትን መንገደኞች ዘር እስከ አምስተኛ ትውልድ በመጽሐፍ ማውጣት ችሏል። ግን መጀመሪያ የመጡት በሕይወት ሳሉ ሁሉንም ጠይቆ የጻፈ ስለሌለ እስከ ዛሬ የማይሞላ ቀዳዳ አለው። ጆን ኦልደን ከእንግሊዝ የት ሰፈር እንደመጣ እንኳ ተመራማሪዎች ይከራከሩበታል። እናንተ ጠያቂም ተጠያቂም አላችሁ።

ኪዳነ ሂውስተን

መጀመሪያ ድንጋዩ ግድ ነው ወይ ያልኩት እኔ ነኝ። ያልኩትን አንሥቻለሁ። ለጉድጓዱ ስትደርሱ ንገሩኝ፤ አዋጣለሁ።

የወረኢሉ ልጅ

ማህበሩ እሑድ ተሰብስቦ ተስማማ። መካነ መቃብሩ የሚቆም ድንጋይ ፈቅዷል። ግራጫ ግራናይት መረጥን። ጽሑፉ እንዲህ ነው፤ ስሞቹን ትቼ።

(ስሟ)
ኅዳር 13 ቀን 1935 ዓ.ም. ወረኢሉ ተወለደች
ካርቱም በሰው ቤት፣ ቦስተን በሆቴል ሰርታ
ወንድሞቿን አስተማረች፤ ሁላችንንም አመጣችን
አብራት የተነሣች (የጓደኛዋ ስም) ገላባት ሳትደርስ አረፈች
ልጇ፣ እህቷ፣ ወንድሞቿና ልጆቻቸው አቆሙት

ሐውልት ሠሪ፣ አንተ ከቤተሰቡ ውጭ ሦስተኛው አንባቢ ሁንልን። ስድስት መስመር ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ሐውልት ሠሪ

አነበብኩት። ሁለት ጊዜ። በጣም ጥሩ ነው።

አንድ ፊደል ብቻ። ሦስተኛው መስመር ላይ «ሰርታ» በእሳቱ ሰ ነው የተጻፈው። በንጉሡ ሠ ይሁን፤ «ሠርታ»። ድንጋይ ላይ ከገባ አይመለስም።

እንግዳ 7

ልክ ነው። ረቂቁን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አስተካክዬዋለሁ።